ጉርሻ እምቢ የሚል ልጅ፦ የተገፋን ልጅ ወስዶ ለማሳደግ

እናቱ ዐረብ አገር ሄዳ አያት ላይ የቀረ ልጅ። እናቱ ሌላ ባል ስታገባ «ይሄ ልጅ እዚህ ቤት አያድርም» የተባለበት። ከአጎት ወደ አክስት፣ ከአክስት ወደ ጎረቤት ሲዞር ያደገ። ተጥሎ ተገኝቶ በድርጅት የኖረ። ይህ ጽሑፍ ከእነዚህ አንዱን ለማሳደግ ላሰባችሁ፣ ወይም ወስዳችሁ «ምን ሆኖብኝ ነው ይሄ ልጅ?» እያላችሁ ላላችሁ ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ልጅ ሲወስድ በልቡ የሚያስበው ነገር አለ። ልጁ ይበላል፣ ይለብሳል፣ ፊቱ ይፈካል፣ ከጥቂት ወር በኋላ «እማዬ» እያለ አንገት ላይ ይጠመጠማል። በተግባር የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ጉርሻ ሲዘረጋለት ፊቱን ያዞራል። ሲያቅፉት እንደ እንጨት ይደርቃል። አዲስ ጫማ ሲገዙለት በሳምንቱ ያበላሸዋል። ወድቆ ጉልበቱ ሲደማ አያለቅስም። አንድ ደስ የሚል ቀን አብራችሁ ካሳለፋችሁ ደግሞ በማግስቱ ቤቱን ያምሰዋል።

ይህ ውለታ ቢስነት አይደለም። ልጁ ከዚህ በፊት የተጠጋው ሰው ሁሉ ወይ ሄዷል፣ ወይ አስወጥቶታል። ስለዚህ ሰው ሲያቀርበው የሚታየው ከዚያ በኋላ የሚመጣው መገፋት ነው። «እነሱ ሳይጥሉኝ እኔ ልቅደም» ይላል፤ በአፉ ሳይሆን በጠባዩ።

ሜሪ አይንስወርዝ የተባለችው የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 እና በ1955 ኡጋንዳ ውስጥ እናቶችንና ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ተመልክታለች። በኋላ አሜሪካ ባደረገችው ጥናት እናታቸው ከክፍል ወጥታ ስትመለስ ዞር ብለው እንኳ የማያዩ ሕፃናት አገኘች። ለተመልካች ግድ የሌላቸው ይመስላሉ። ሌሎች ተመራማሪዎች የልብ ምታቸውን ሲለኩ ግን የእነዚህም ልብ ሲደልቅ ተገኘ። ውስጣቸው ታውኳል፤ ማሳየቱን ግን ትተውታል። ዝም ያለ ልጅ ሁሉ የተረጋጋ እንዳይመስላችሁ።

እንግዲህ የእናንተ ሥራ ልጁ እንዲወዳችሁ ማድረግ አይደለም። እሱን ለእሱ ተዉት። የእናንተ ሥራ የሚገመት ሰው መሆን ነው። ዛሬ ያላችሁት ነገም ያው ሆኖ ሲገኝ፣ ምሳ በሰዓቱ ሲቀርብ፣ «ስድስት ሰዓት እመጣለሁ» ብላችሁ ስድስት ሰዓት ስትመጡ፣ ልጁ ቀስ እያለ ጥበቃውን ያላላል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

1. ለምን እንደምትወስዱት በግልጽ ተነጋገሩ

«ለጽድቅ ብዬ ነው» የሚለው ጥሩ ምክንያት ይመስላል። ብቻውን ሲሆን ግን እኔ እፈራዋለሁ። ጽድቅ ብሎ የጀመረ ሰው ቢያንስ ምርቃት ይጠብቃል፤ ይህ ልጅ ደግሞ ለዓመታት «አመሰግናለሁ» ላይላችሁ ይችላል። ልጅ በማጣት ያዘናችሁ ከሆነም ሐዘናችሁን ለብቻው አስታምሙት። የሌላ ሰው ቦታ እንዲሞላ የመጣ ልጅ ያንን ወዲያው ያውቃል።

ባልየው «እንግዲህ ካልሽ» ብሎ በግማሽ አፉ የተስማማበትን ነገር አትጀምሩ። ሚስትየውም እንደዚያው። እንዲህ ያለ ልጅ ቤት ውስጥ የማይፈልገውን ሰው ለይቶ ለማወቅ አንድ ሳምንት አይፈጅበትም።

ሌላም መባል ያለበት ነገር አለ። «እያስተማርኩ አሳድጋታለሁ» ተብላ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ ጎህ ሲቀድ ቤት ጠርጋ፣ ሕፃን አዝላ፣ ዕቃ አጥባ፣ ማታ ደክሟት ትምህርት ቤት የምትሄድ ከሆነ ልጅ አይደለችም። ሠራተኛ ናት፤ ያውም ደመወዝ የሌላት። መለያው ቀላል ነው። የእናንተ ልጅና እሷ እኩል ይላካሉ? እኩል ማዕድ ይቀርባሉ? እንግዳ ሲመጣ እሷ የት ነው የምትቀመጠው? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ በቀላሉ እንዳይፈርስ አጥብቆ ይይዛል። ፍርድ ቤት እንዲያፈርሰው ከሚፈቅድባቸው ጥቂት ምክንያቶች አንዱ ግን አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ሲይዘው ነው።

2. ወረቀቱንም ታሪኩንም ያዙ

ልጅ የሚወሰድበት መንገድ በጥቅሉ ሦስት ነው። በዝምድና ዝም ብሎ መውሰድ አለ፤ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው። በአካባቢያችሁ ባለው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በኩል የአደራ ቤተሰብ መሆን አለ፤ ይህ ለተወሰነ ጊዜ ሲሆን ቤታችሁን መጥተው ያያሉ። ሦስተኛው ጉዲፈቻ ነው። በፌዴራሉ ሕግ የጉዲፈቻ አድራጊው ዕድሜ ከ25 ዓመት ማነስ የለበትም፤ ባልና ሚስት ከሆኑ የአንዳቸው መሙላት ይበቃል። ስምምነቱን ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም። ይህ ሕግ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው፤ አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው እዚያው ጠይቁ። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ተከልክሏል። ውጭ የምትኖሩና የዘመድ ልጅ ለመውሰድ የምታስቡ ጠበቃ ሳታማክሩ ለልጁ «እወስድሃለሁ» እንዳትሉት። ያልተፈጸመ ቃል በበቂ ሁኔታ ሰምቷል።

በዝምድና ብትወስዱትም የልደት ምስክር ወረቀት፣ የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት ውጤቱን ሰብስቡ። ኋላ ፍለጋ መሄድ መከራ ነው።

ከወረቀቱ በላይ ግን ታሪኩን ጠይቁ። ማን ነበር የሚያሳድገው? ቤት ውስጥ ምን ብለው ነው የሚጠሩት? እንዴት ይተኛል፣ ከማን ጋር? ምን ይፈራል? ወንድም እኅት አለው? ስለ እናቱ መሄድ ምን ተብሎ ተነግሮታል? «ሞታለች» ተብሎ ከሆነና በሕይወት ካለች ይህን አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። ፎቶ ካለ አንድ ለምኑ።

አሮጌ ልብሱንና ብርድ ልብሱን አትጣሉ። ወዲያውም አትጠቡት። ለእናንተ ቆሻሻ ነው፤ ለእሱ ግን የሚያውቀው ሽታ ይሄ ብቻ ነው። ቅማል ወይም ቁንጫ ካለው እጠቡት፣ ግን አሳይታችሁ አጥባችሁ መልሱለት።

3. የመጀመሪያዎቹ ቀናት፦ ድግስ አያስፈልግም

ዘመድ ጎረቤት ጠርታችሁ ቡና አፍልታችሁ «ኑ ልጄን እዩልኝ» አትበሉ። ደስታችሁ ይገባኛል። ልጁ ግን አሥር የማያውቃቸው ሰዎች ጉንጩን ሲስሙት የሚገዛ ከብት የሆነ ነው የሚመስለው።

በመጀመሪያው ቀን ቤቱን አሳዩት። አልጋህ ይሄ ነው። ሽንት ቤቱ እዚያ ነው፤ ማታ መብራቱ በዚህ ይበራል። ዳቦ የሚቀመጠው እዚህ ነው። ማን መቼ ወጥቶ መቼ እንደሚገባ ንገሩት። ማንበብ ከቻለ ጻፉለት፣ ካልቻለ በሥዕል። ቀኑ አንድ ዓይነት ይሁን። ለአዋቂ አሰልቺ የሆነ ቀን ለዚህ ልጅ ዕረፍት ነው።

ከገጠር የመጣ አማርኛ የማያውቅ ከሆነ እናንተ የእሱን ቋንቋ ጥቂት ቃላት ተማሩ። ውኃ፣ እንጀራ፣ ሽንት፣ ያመኛል፣ እንቅልፍ። «ቶሎ አማርኛ ይልመድ» ብሎ መቸኮል የሚጠቅመው ለእኛ ነው።

ስሙን አትቀይሩ። የአባት ስሙም ከእናንተ ስም ጋር ባይገጥም ይቆይ፤ በጉዲፈቻ እስኪወሰን ድረስ ምንም አይቸኩልም። መምህሩ ስም ሲጠራ የሚሰማው ብቸኛ የራሱ ነገር ሊሆን ይችላል።

ምን ብሎ ይጥራችሁ? «እማዬ በለኝ» አትበሉት። የወለደችው እናት ካለች ያቺን የከዳ ይመስለዋል። በሌላ በኩል የቤት ሠራተኛዋን እየሰማ «እትዬ» ማለት ከጀመረ እዚያው አስቁሙት፤ ቦታውን እንደ ሠራተኛ እያየ ነው። አክስቴ፣ እታለም፣ አጎቴ፣ ጋሼ፤ ከእነዚህ የሚቀለውን ራሱ ይምረጥ። «እማዬ» ከመጣ በራሱ ጊዜ ይመጣል። ሲመጣም እልል አትበሉ፤ «አቤት» ብላችሁ እለፉ።

በመጀመሪያው ወር ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ክብደቱ፣ ክትባቱ፣ የሆድ ትላትል፣ የደም ማነስ ይታይ። ጆሮውንና ዓይኑን አደራ አትርሱ። ጆሮው በኢንፌክሽን የተጎዳ ልጅ ሲጠሩት ካልሰማ «ደረቅ» ይባላል፤ ብዙ ዱላ የሚቀምሱት እንደዚህ ናቸው።

4. ምግብ

ፍቅርን መቀበል የሚያቅተው ልጅ መጀመሪያ የሚታየው ማዕድ ላይ ነው። አንዳንዱ እስኪያስመልሰው ይበላል። አንዳንዱ እናንተ ስታዩት አይበላም፣ ዞር ስትሉ ይበላል። ብዙዎቹ ደግሞ ይደብቃሉ። ትራስ ሥር የደረቀ ዳቦ፣ ቦርሳ ውስጥ የሻገተ አምባሻ፣ ኪስ ውስጥ ቆሎ ታገኛላችሁ። «ሌባ» እንዳትሉት። በሕይወቱ ምሳ የሌለበት ቀን ብዙ ነበር፤ ልጁ ለክፉ ቀን እያስቀመጠ ነው።

ቁም ሳጥን መቆለፍ ነገሩን ያባብሰዋል። እንዲህ አድርጉ። ክዳን ያለው ጣሳ ወይም የፕላስቲክ ዕቃ ስጡት። «ይሄ ያንተ ነው። ቆሎና ዳቦ ይኖርበታል። ሌሊትም ቢርብህ ብላ። ሲያልቅ ንገረኝ» በሉት። በየቀኑ ሳይጠይቅ ሙሉት። ጎዶሎ ሆኖ ካገኘው አንድ ሳምንት ወደ ኋላ ትመለሳላችሁ። ድብቂያው ወዲያው አይቆምም፤ አንዳንድ ልጅ ጋ ከዓመት በላይ ይቆያል። እናንተ የሻገተውን ያለ ወሬ አንስታችሁ ትኩሱን ጣሳው ውስጥ ታደርጋላችሁ፤ በቃ።

አሁን ወደ ጉርሻው። እኛ አገር የማይወድ ሰው አያጎርስም። እምቢ ሲባልም «በሞቴ» ብለን፣ ደረት መትተን እናስገባዋለን። ለዚህ ልጅ ግን ያ እጅ ሳይፈቅድ ወደ ፊቱ የሚመጣ እጅ ነው። ከዚህ በፊት ወደ ፊቱ የመጣ እጅ ምን እንዳደረገው አታውቁም። ስለዚህ አታጉርሱት። ጉርሻውን ጠቅልላችሁ ከእሱ በኩል ትሪው ላይ አስቀምጡለትና ወሬያችሁን ቀጥሉ። ያነሳዋል ወይ አያነሳውም፤ አትከታተሉት። አማች ወይም እንግዳ «ኧረ እንዴት!» ብሎ ሊያጎርሰው ሲነሣ «ለሱ እዚያ አስቀምጥለት» በሉ። አንድ ቀን ልጁ ራሱ ለታናሹ ወይም ለእናንተ ሲያጎርስ ታዩ ይሆናል። ሰጪ መሆን ከተቀባይነት ይልቅ ይቀለዋል፤ ስለዚህ ተቀበሉት።

ሥጋ ቢበዛ፣ ኬክ ቢገዛ ይድናል ብላችሁ አታስቡ። ሽሮም ቢሆን በሰዓቱ ይቅረብ። ጾም የምትጾሙ ቤተሰቦች ልጁን በመጀመሪያው ዓመት ከጾም ጋር አታያይዙት፤ የንስሐ አባታችሁን ብታማክሩ የሚነግሯችሁ ከዚህ የሚርቅ አይመስለኝም። ምግብ መከልከል በምንም ምክንያት ቅጣት መሆን የለበትም።

5. በእጅ ሥራ በኩል ቅረቡት

ማቀፍና መሳም ሲከብደው ምክንያት ያለው ንክኪ ፈልጉ። ፀጉር መሥራት ከሁሉ ይበልጣል። ልጅቷ ከፊታችሁ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች፣ ዓይን ለዓይን አትተያዩም፣ እጃችሁ ሥራ ይዟል፣ ሹሩባው ሲያልቅ ያበቃል። መጀመሪያና መጨረሻ ያለው ነገር አያስፈራም። ቅባት መቀባት፣ ጥፍር መቁረጥ፣ የጫማ ክር ማሰር፣ ቁስል ማጠብ እንደዚሁ ናቸው። ለወንድ ልጅ ፀጉር ቤት አብሮ ሄዶ አጠገቡ መቀመጥም ይሠራል።

ወሬም ጎን ለጎን ሲሆን ይቀላል። ሽንኩርት ስትልጡ፣ ምስር ስትለቅሙ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ። «ቁጭ በል እስቲ፣ ምን እንደሚሰማህ ንገረኝ» ብላችሁ ፊት ለፊት ብታስቀምጡት ጣሪያ ያያል።

ገላውን ስታጥቡት ፈቃድ ጠይቁ። ራሱን መታጠብ ከቻለ በሩን ዘግታችሁለት ውጡ። እንግዳ ሲመጣ «ሳም» እያላችሁ አታስገድዱ፤ እጅ መጨበጥ ይበቃል። ተቃራኒው ዓይነት ልጅም አለ። ያገኘው ሰው ጉልበት ላይ የሚወጣ፣ የማያውቀውን ሁሉ «አጎቴ» የሚል። «ተግባቢ ነው» ተብሎ ይደነቃል። ይህም የመገፋት ምልክት ነው፤ ለአደጋም ያጋልጣል። «እቅፍ ከእኛ ቤት ሰው ጋር፣ ከሌላው ጋር ሰላምታ» የሚል ቀላል ደንብ ስጡት።

6. ምስጋና በትንሹ

«አንተ እኮ ጎበዝ ነህ!» ስትሉት አያምናችሁም። ውሸታም ያደርጋችኋል። ያያችሁትን ብቻ ተናገሩ፦ «ጫማህን በር ላይ አስቀመጥክ፣ አየሁ።» ከዚያ ሂዱ።

7. ሌሊት

አልጋ ላይ መሽናት እስከ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያጋጥም ይችላል። ፍራሹ ላይ ላስቲክ አንጥፉ፣ ሁለት መቀየሪያ አንሶላ አጠገቡ አስቀምጡ፣ ጠዋት አብራችሁ አንሡ። ፍራሹን ሰው በሚያየው አጥር ላይ አታስጡ። ጨለማ የሚፈራ ከሆነ መብራት ይብራ። ተነሥቶ የሚጮህ ልጅ ጋ ሮጣችሁ አትቀፉት፤ በር ላይ ሆናችሁ ስሙን ጥሩና «እኔ ነኝ፣ እዚህ ነኝ» በሉት።

ቅዠቱና ጩኸቱ ሲበዛ «ጠበል ውሰዱት» የሚል አይጠፋም። እምነታችሁ ከሆነ ሂዱ፤ እኔ አልከለክልም። ግን ልጁ በሚሰማበት «ቡዳ ነው»፣ «ያደረበት ነገር አለ» አትበሉ። ድሮውንም እኔ መጥፎ ነኝ ብሎ የሚያስብ ልጅ ነው፤ ማረጋገጫ አትስጡት።

8. ሲፈትናችሁ

መጀመሪያ ጨዋ ሆኖ ሰንብቶ ሁለተኛና ሦስተኛ ወር ላይ የሚለወጥ ልጅ አለ። ያኔ ብዙ አሳዳጊ «ለካ ሲያስመስል ነበር» ይላል። የተገላቢጦሽ ነው። እንግድነቱ አልቆ ጥያቄውን መጠየቅ ጀመረ ማለት ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ ይሄን ባደርግም ታስወጡኛላችሁ?

ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ከቤታችሁ ለዘለዓለም ይውጣ፦ «ወደ መጣህበት እመልስሃለሁ።» በቀልድም፣ በንዴትም፣ በዘመድ አፍም አይባል። ሌላውን ስሕተት ሁሉ ማስተካከል ይቻላል፤ ይህቺን ግን ልጁ ሌሊት ሌሊት ሲያመነዥካት ነው የሚያድረው።

ዱላ፣ ቁንጥጫ፣ ማንበርከክ፣ በርበሬ ማጠን የለም። «እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው» የሚለውን አውቀዋለሁ። ለዚህ ልጅ ዱላ አዲስ ነገር አያስተምረውም፤ የሚያውቀውን ያጸናለታል እንጂ። ብቻውን ክፍል ውስጥ መቆለፍም እንደዚያው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ብርጭቆ ወርውሮ ሰበረ እንበል። በቅድሚያ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። «ብርጭቆ አይወረወርም» በሉ፣ አንድ ጊዜ። ልጁን ከስብርባሪው አርቁት። እሱ ሲጮህ እዚያው ክፍል ውስጥ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ አትምከሩት፤ በዚያ ሰዓት ጆሮው ዝግ ነው። ሲበርድለት ውኃ ስጡት። ከዚያ አብራችሁ ጥረጉ፤ እናንተ ስብርባሪውን፣ እሱ መጥረጊያውን። ጉዳዩ እዚህ ላይ ይዘጋል። ማታ ለባል፣ በማግስቱ ለጎረቤት፣ በሳምንቱ ለአክስት አይተረክም።

ሳንቲም ሲጠፋ «ወስደሃል ወይስ አልወሰድክም?» ብላችሁ አትመርምሩ። እንደወሰደ ካወቃችሁ ጥያቄው ለውሸት በር መክፈት ነው። «ከቦርሳዬ ሃያ ብር ወስደሃል። ቅዳሜ መኪና አጥበን እንመልሰዋለን። ብር ሲያስፈልግህ ጠይቀኝ» በሉ። ቦርሳችሁንም ከዓይን አርቁ፤ ፈተና ዘርግቶ መጠበቅ ተገቢ አይደለም።

«አንቺ እናቴ አይደለሽም!» ይላል፤ ይዋል ይደር እንጂ ማለቱ አይቀርም። መልሱ አጭር ነው፦ «አዎ፣ የወለድኩህ እኔ አይደለሁም። ራት ደርሷል፣ ና።» ማስረዳት፣ ማልቀስ፣ «ይሄን ሁሉ አድርጌልህ» ማለት አያስፈልግም። ውለታ መቁጠር በተለይ ክፉ ነው። የበላውን እንጀራ እየቆጠራችሁበት እንደሆነ ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ መብላቱንም ያቆማል።

ከተጣላችሁ በኋላ ቀድሞ የሚመለሰው አዋቂው ነው። ሁልጊዜ። ሁለት ሰዓት ማኩረፍ ለእናንተ ሁለት ሰዓት ነው፤ ለእሱ ነገሩ ያበቃለት ይመስለዋል።

9. ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ትምህርት ቤት

«ይሄ የማን ልጅ ነው?» ይጠየቃል። ልጁ አጠገባችሁ ቆሞ ሳለ። መልሱን ቀድማችሁ ከእሱ ጋር ተዘጋጁ። «የኛ ቤት ልጅ ነው» ይበቃል። «እናቱ ጥላው ሄዳ፣ አሳዝኖኝ...» ብሎ የሚጀምር ታሪክ የእሱ እንጂ የእናንተ የቡና ወሬ አይደለም። ፎቶውን ከታሪኩ ጋር ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ መለጠፍ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብ።

ለመምህሩ የሚያስፈልገውን ብቻ ንገሩ፦ ሲጮሁበት እንደሚደነግጥ፣ «የቤተሰብ ሥዕል ሣል» የሚል የቤት ሥራ ሲመጣ ማንንም ቢስል እንዲቀበሉት።

የራሳችሁ ልጆች ካሉ እነሱም ይከፋቸዋል። ዕቃቸው ይሰበራል፣ እናታቸው ትወሰዳለች። «አንተ ትልቅ ነህ፣ ቻለው» ብቻ አትበሉ። ለእነሱ ብቻ የሆነ ሰዓት ይኑራቸው፤ የሚቆለፍ መሳቢያም ይኑራቸው።

10. እናቱ ስትደውል

ጅዳ፣ ቤይሩት ወይም ዱባይ ያለች እናት በኢሞ ትደውል ይሆናል። አንዳንዴ ለወራት ጠፍታ ድንገት። ልጁ ስልኩን ሲዘጋ ያመሰቃቅላል፣ ትምህርት እምቢ ይላል። ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ስልኩን ማቋረጥ ያምረዋል። አደጋ ካልመጣ በቀር አታቋርጡ። ይልቅ ቀን ቁረጡ፤ እሑድ ከሰዓት ይሁን። ከጥሪው በኋላ የሚደረግ የታወቀ ነገር ይኑር፤ እግር ጉዞ፣ ልብስ ማጠብ፣ ኳስ። ባትደውል «እየሠራች ይሆናል» እያላችሁ አትዋሹላት። «ዛሬ አልደወለችም። እንደጠበቅክ አይቻለሁ» በሉት።

በፌዴራሉ ሕግ ጉዲፈቻ እንኳ ልጁ ከወለዱት ቤተሰቦቹ ጋር ያለውን ትስስር አይበጥስም። በእናትየው ላይ ክፉ አትናገሩ። ልጁ ግማሽ ሥጋው ከእሷ ነው፤ እሷን ስትሰድቡ እሱ ላይ ያርፋል። እውነቱን በዕድሜው ልክ ንገሩት፦ «እናትህ ልታሳድግህ አልቻለችም። ጥፋቱ ያንተ አይደለም።» ይህን አንድ ጊዜ ብላችሁ አይበቃም፤ በየዓመቱ በሌላ መልክ ይጠይቃችኋል።

11. ስንት ጊዜ ይፈጃል?

እ.ኤ.አ. በ2000 ሮማኒያ ውስጥ የተጀመረ ጥናት በማሳደጊያ ተቋም የነበሩ 136 ሕፃናትን ይዞ ከፊሎቹን ወደ አሳዳጊ ቤተሰብ አዛወረ። ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የተዛወሩት ከአሳዳጊያቸው ጋር በተሻለ ሁኔታ ተጣበቁ። ከዚህ የምንወስደው የስምንት ዓመት ልጅ አለቀለት የሚል አይደለም። ቀድሞ የመጣ ቶሎ ይለምዳል፣ ዘግይቶ የመጣ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በወራት ሳይሆን በዓመታት አስቡት።

ለውጡ በትልቅ ነገር አይታይም። ሲያመው መጥቶ ይነግራችኋል። ወድቆ ያለቅሳል፤ ይህ ትልቅ ዜና ነው። «የት ነው የምትሄጂው? መቼ ትመጫለሽ?» ይላል። ጨዋ ይመስላችሁ የነበረው ልጅ በግልጽ ይናደድባችኋል፣ ይነጫነጫል፣ «አልበላም፣ ሽሮ ሰለቸኝ» ይላል። ሽሮ ሰለቸኝ የሚል ልጅ ነገም ምግብ እንዳለ አምኗል ማለት ነው። በበዓል ሰሞን፣ በልደቱ ወይም ከመጀመሪያው ቤት በወጣበት ወቅት ግን ወደ ኋላ ቢመለስ አትደንግጡ።

ራሱን የሚጎዳ፣ እንስሳ የሚያሠቃይ፣ እሳት የሚለኩስ፣ ወይም ለዕድሜው የማይገባ ወሲባዊ ነገር የሚያሳይ ከሆነ ግን በትዕግሥት ብቻ አይያዝም። ትልልቅ ሆስፒታሎች ያሉትን የአእምሮ ጤና ክፍል ጠይቁ። ጥቃት እንደደረሰበት ከጠረጠራችሁ አዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ የሕክምና፣ የፖሊስና የሕግ ድጋፍ በአንድ ቦታ የሚሰጥ ማዕከል አለ። ልጁን እናንተ ደጋግማችሁ አትመርምሩት፤ የነገራችሁን በቃሉ ጻፉና ሂዱ።

12. ካቃታችሁ

ስለዚህ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው፤ በዚህም የተነሣ ሰው እስኪፈነዳ ይቆይና አንድ ማታ የልጁን ልብስ በፌስታል ይቋጥራል። እዚያ ከመድረሳችሁ በፊት በሳምንት አንድ ከሰዓት የሚያሳርፋችሁ ሰው አዘጋጁ። ያ ሰው ሁልጊዜ አንድ ሰው ይሁን፤ በየሳምንቱ ሌላ ፊት አይምጣ። ልጁ በሌለበት የምታማርሩበት አንድ ዘመድ ወይም ጓደኛም ይኑራችሁ።

እንደዚያም ሆኖ መቀጠል ካልቻላችሁ ለጽሕፈት ቤቱ ወይም ለዘመዶቹ ቀድማችሁ ተናገሩ። በአንድ ሌሊት አይሁን። ቀጣዩ ቤተሰብ መጥቶ ይጎብኘው፣ እሱም ሄዶ ይይ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይደር። ጣሳውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ፎቶውን፣ የሕክምናና የትምህርት ወረቀቱን በደኅና ሻንጣ ስጡት። ምን እንደሚወድ፣ እንዴት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚያስደነግጠው ለአዲሶቹ በወረቀት ጻፉላቸው። ለልጁ «እኛ ነን ያቃተን፣ አንተ አይደለህም» በሉት። ስልክ ቁጥራችሁን ስጡት፤ ሲደውልም አንሡ።